ሦስተኛዋ መስመር

የሰው ትዕግሥት በማስጨረስ ሕሊናን የሚያህል በደብረ ታቦር የለም። ይህን የምለው በሐሜት አይደለም፤ ስድስት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ። እኔ ተስፋነህ እባላለሁ፣ በከተማችን ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የሬጅስትራር ክፍል ኃላፊ ነኝ። እሷ የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። «ሕሊና፣ ፕሪንተሩ ቆመ» ብላችሁ ብትጠሯት እንደ ሌላው ሰው መጥታ አትነካውም። በሩ ላይ ትቆምና «ሲቆም ምን እየሠራ ነበር?» ትላለች። «እኔ ምን አውቄ፣ ቆመ አልኩሽ እኮ» ትሏታላችሁ። «ድምፅ አሰምቶ ነው ወይስ ዝም ብሎ?» ትላለች። በዚህ መሃል ሃያ ተማሪ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ያፈጥባችኋል። አንድ ቀን በጣም ተናድጄ «ልጄ፣ አንቺ ጠጋኝ ነሽ ወይስ መርማሪ ፖሊስ?» ብያታለሁ። እሷ ግን ጥያቄውን የምር ወስዳ ትንሽ አሰበችበት።

ጠባይዋ ከአባቷ የወረደ ነው። አባቷ ሐሙሲት ገበያው አጠገብ የናፍጣ ወፍጮ ነበራቸው። በገበያ ቀን ወፍጮው ሲቆም፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ከሩቅ የመጣው ገበሬ ሁሉ «ፍታው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ» እያለ ይጮህባቸዋል። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው፣ መዘውሩን በእጃቸው ሁለት ሦስቴ አዙረው፣ «ሳልሰማው አልፈታውም» ይላሉ። ሕሊና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው እዚያ ነበር፤ ዱቄቱ ጠጉሯን እያነጣው እናቷ በየቀኑ ትቆጣት እንደነበር ራሷ አጫውታኛለች። ከዚያ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ እኛ ዘንድ ተቀጠረች፣ እዚሁ አስተማሪ አገባች፣ ባለፈው ክረምት መግቢያ ደግሞ ሴት ልጅ ወለደች። ሩት አለቻት። አባቷ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ «ሳልሰማው አልፈታውም» ግን አልሞተም፣ በሳምንት አምስት ቀን እሰማዋለሁ።

ስለ ራሴም ትንሽ መናገር አለብኝ፣ ነገሩ ያለዚያ አይገባም። ልጅ ሆኜ ጣራ ገዳም ተማሪ ነበርኩ። ቅኔው አልሆነልኝም፤ የእጅ ጽሕፈቴ ግን አምሮ መሪጌታዬ ድርሳን እስከማስገልበጥ ደርሰው ነበር። በኮሌጃችን በቀይ ቀለም ተጽፎ የምታዩት የንብረት ቁጥር ሁሉ፣ ከዲኑ ወንበር እስከ ዘበኛው አልጋ ድረስ፣ የእኔ እጅ ነው። የምጽፈው በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ሰረዙን ከላይም ከታችም አስረዝሜና አሳምሬ። መሪጌታዬ «ሰረዝ የሌለው ቁጥር ቀበቶውን የረሳ ሰው ነው» ይሉ ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ በዚህ እኮራለሁ። በሰኔው የንብረት ቆጠራ ኦዲተሮች «ቁጥር የሌለው ዕቃ ተገኘ» ብለው ስለጻፉብን፣ የንብረት ክፍሉ ጥላዬ ያገኘውን ሁሉ በሳፋ እየሞላ ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፍልኝ ጀመር። ስቴፕለር አለ፣ ካልኩሌተር አለ፣ የማኅተም እጀታ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ጥቃቅን ኮተትም ሞልቷል። እኔ መነጽሬን አጥልቄ ቀጭኗን ብሩሽ ይዤ እጽፋለሁ። በሦስት ቀን አራት መቶ ዕቃ ጻፍኩ። ሕሊና ያኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሰርቨር የምንለው የተማሪውን ውጤት ሁሉ የያዘው ትልቁ ኮምፒውተር ነው፤ የሌሎቻችን ማሽኖች የሚጠይቁት እሱን ነው። ይህ ሰርቨር ከሐምሌ ጀምሮ ሥራ መሃል ድርቅ ብሎ መቆም አመጣ። ዘበኛችን አያ ይሻው ቁልፉን ተጭነው ያጠፉታል፣ መልሰው ያስነሡታል፣ እሱም ሁለት ቀን ይሠራና ደግሞ ይቆማል። ክረምቱን እንዲህ ገፋነው። ሕሊና ከመስቀል በኋላ ሥራ ስትገባ ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ እሷ አዞረ። ማሽኑ የቆመው እሷ በሌለችበት ነው ብሎ ያስታወሰ ማንም አልነበረም፤ እኔም አላስታወስኩም።

በጥቅምት የምዝገባ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰርቨሩ ምሳ ሳይደርስ አራት ጊዜ ቆመ። ተማሪው በጉና ተራራ ብርድ ኮሪደሩን ሞልቶ እግሩን ይመታል። ዲኑ አቶ ሙላቴ ከቢሮአቸው ወርደው መጡና፣ ሳይቀመጡ፣ «ፎርማት ይደረግ» አሉ። በእኛ መሥሪያ ቤት ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ ያለው መድኃኒት ይኸው አንድ ነው፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር።

«ፎርማት የሚያድነው ችግሩ ከፕሮግራሙ ከሆነ ነው» አለች ሕሊና። «ከዕቃው ከሆነ ግን ውጤቱን አጥፍተን ማሽኑ ተመልሶ ይቆማል።»

«ኮፒ የለሽም እንዴ?»

«ያለኝ ኮፒ የግንቦት ነው፤ የክረምት ተማሪዎች ውጤት የለበትም። አሁን ልገልብጥ ብል መሃል ላይ ይቆምብኛል። የተገለበጠውንም ቢሆን አላምነውም።»

«ታዲያ ከዕቃው መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም። ሳልሰማው አልፈታውም።»

አቶ ሙላቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ምክንያቱን ካላሳየች ሰርቨሩ ፎርማት እንደሚደረግ፣ እሷም ከሥራ መደቧ ተነሥታ ቤተ መጻሕፍት እንደምትመደብ በሁላችን ፊት ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አቶ ተስፋነህ፣ ደብዳቤው ይዘጋጅ» አሉኝ። አዘጋጀሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነው ያዘጋጀሁት፤ አራት መቶ ተማሪ በእጅ መመዝገብ ጀምሬ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። «በቸልተኝነት ምክንያት» የሚለውን ሐረግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት የት እንደደረሰች ልይ ብዬ ገባሁ። ማሽኑን ከፍታ እጇ ዘይት በዘይት ሆኖ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ተቀምጣ ትጽፋለች። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ነጭ መስመር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የማስነሻ ዝርዝሩ ነው ጋሼ። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ ይኼን ያሳይና ዐሥራ አምስት ሰከንድ ይጠብቃል። የነካው ሰው ከሌለ በአንደኛዋ መስመር ይነሣል፣ እሷ የዘወትር ሥራችን ናት። ሁለተኛዋ የዱሮው ፕሮግራም ናት። አሁን ሁለት እየጨመርኩ ነው። ሦስተኛዋ ሜሞሪውን ትፈትሻለች፣ ማሽኑ ሲሠራ ነገሩን ለጊዜው የሚይዝበትን፤ አራተኛዋ ውጤቱ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ።»

«ቤቱ እየተቃጠለ አንቺ በሩ ላይ ማስታወቂያ ትጽፊያለሽ?»

«እሳቱ የት እንዳለ የሚናገር ማስታወቂያ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

«በፍላሽ አድርገሽ አትፈትሺውም? ሌላው እንደሱ አይደል የሚያደርገው?»

እዚህ ላይ ብቻ ነው ወደ እኔ የዞረችው። የመጀመሪያው ፍላሿ በውሰት ሄዶ ቀረ። ሁለተኛው ከመምህራን ቢሮ ቫይረስ ይዞ ተመለሰ። ሦስተኛውን ይዛ አምና ሐሙሲት ወዳለው ቅርንጫፋችን በሚኒባስ አራት ጊዜ ተመላልሳለች፤ እዚያ ያለው ማሽን ፍላሹን አላውቅህም አለ፣ ማሽኑ ፍላሹን ሲቀበል መብራት ጠፋ፣ መብራት ሲመጣ ፍላሹ የለም። «መሣሪያው ከማሽኑ ጋር ይኑር ጋሼ» አለችኝ። «እኔ ብኖርም ባልኖርም ቁልፍ መጫን የሚችል ሰው ሁሉ ይፈትሸዋል። የሐሙሲቱንም እንደዚሁ አደርገዋለሁ፤ እዚያ ያለችው ጸሐፊ ያየችውን በስልክ ታነብልኛለች።» ወሊድ ላይ ሆና ያሰበችው ይህንን ነው ማለት ነው። እኔ ሴት ስትወልድ ሌላ ነገር የምታስብ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስን ኢንተርኔቱ በላው። የሚጨመረው መሣሪያ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው አሉ፤ ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ ይቋረጣል። «ስንት ደረሰ?» እላታለሁ በመስኮቱ። «ሰባ ስምንት» ትላለች። ተመልሼ ስመጣ «ዐሥራ ሁለት» ትላለች። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይል፣ እኔ ግን የደም ግፊት መድኃኒቴን ቀድሜ ዋጥኩ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሣችው። አራቱ መስመሮች ተደርድረው ወጡ። ሕሊና ፈገግ አለች፤ ለአራት መስመር ጽሑፍ እንደዚያ ፈገግ ያለ ሰው አላየሁም። አራተኛዋን መርጣ ሃርድ ዲስኩን ስታስፈትሽ ከሰዓቱ አለቀ፣ ምዝገባው ቆመ፣ ተማሪው አጉረመረመ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠራችኝና «ደህና ነው» አለችኝ።

«ምኑ ነው ደህና?»

«ሃርድ ዲስኩ። ምንም የለበትም።»

«ሕሊና፣ የበሽተኛው ምንም የሌለበት ቦታ ምን ያደርግልኛል? ያለበትን ንገሪኝ እንጂ።»

«የቀረው ሜሞሪው ነዋ» አለች። የሜሞሪው ፍተሻ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የኛ ከተማ መብራት ደግሞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን ንገሩኝ ብትሉ አላስታውስም። የመጠባበቂያው ባትሪ የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ነው። ከተቋረጠ ደግሞ ከሀ ነው የሚጀመረው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አያ ይሻውን ማሠልጠን ጀመረች። አያ ይሻው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ግን እሳቸው ዘንድ ነው። «መብራት ሲመጣ ያስነሡታል። ዝርዝሩ ሲወጣ ወደ ታች ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ይኼን ትልቁን ቁልፍ አንድ ጊዜ» አለቻቸው።

«ሁለት ጊዜ ወደ ታች ከወረድሁ የምደርሰው ሦስተኛዋ ላይ ነው?» አሉ አያ ይሻው።

«አዎ አባባ፣ ሦስተኛዋ።»

«ዐሥራ አምስት ሰከንድ ለኔ ምን ትበቃኛለች፣ ልጄ? መነጽሬን ከኪሴ ሳላወጣ ታመልጠኛለች። አንድ ደቂቃ አድርጊልኝ።»

እሷም ተመልሳ ተቀመጠችና አንድ ደቂቃ አደረገችላቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን አየሁ። ሥራዋን ልታጣ ሁለት ቀን ቀርቷት፣ ለሽማግሌ መነጽር አርባ አምስት ሰከንድ ትጨምራለች። ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ብቆይ ስድብ ነበር የሚወጣኝ።

ያን ቀን መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ። አያ ይሻው ሦስቱንም ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ ወደ ታች ወረዱ።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ ወደ ኮሌጁ ወሰደኝ። ደብዳቤው ተተይቦ፣ እኔ ፈርሜበት፣ በኮቴ የውስጥ ኪስ ነበር። አያ ይሻው በሩ ላይ ተቀበሉኝና «ጌታው፣ ቀይ አወጣ» አሉኝ። ገብቼ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ቀይ መስመር ወርዶ ሞልቶታል። ለሕሊና ደወልኩ፤ ሩትን አዝላ እየሮጠች መጣች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየች፣ ደጋግማ አየች፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ሁሌም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው» አለች። «ዕቃው ነው ጋሼ። ፎርማት ብናደርገው ኖሮ ውጤቱን በከንቱ ነበር የምናጠፋው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ቆረቆረው።

ማሽኑን መክፈት ያለ ንብረት ክፍል አይቻልም፣ ደንብ ነው። ጥላዬን ከማኅበር ዝክር ላይ አስነሥተን አስመጣነው። እያጉረመረመ ገባ። «ይኼ ምን ሊኖርበት ነው? እኔ ራሴ ሰኔ ላይ ፈትቼ ገጥሜው የለ?»

ሕሊና ቀና አለች። «ፈታኸው?»

«ለቁጥሩ ነዋ። ኦዲተሩ ሆድ ዕቃውም ይቆጠር አለ። የሚነቀል የሚነቀለውን ነቅዬ፣ አስጽፌ፣ እንደነበረ መለስኩት።»

ማን ዘንድ እንዳስጻፈው አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም። ያ ስሙን የማላውቀው ጥቃቅን ኮተት ትዝ አለኝ።

ሕሊና ክዳኑን ከፍታ አራቱን ሜሞሪዎች ነቀለችና ነጠላዋ ላይ ደረደረቻቸው። የጣት ርዝመት ያላቸው አረንጓዴ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ግርጌያቸው ላይ ማሽኑ የሚነክስባቸው የወርቅ መልክ ያላቸው ጥርሶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ፩። ፪። ፫። ፬። እንዴት ያምራሉ መሰላችሁ። ሦስተኛው ላይ የታችኛው ሰረዝ ትንሽ ረዝሟል፤ ከሱ ቀለም ጠብ ብሎ ሦስት አራቱን ጥርስ ሸፍኗቸዋል።

ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ስድስት ዓመት በዚህ እጅ የተጻፈበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው፣ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ጽሑፉ ያምራል» አለች።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚባል ይመስለኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የተቆጣሁት፣ መብራቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ እሷን፣ ሽማግሌውን የተራገምኩት፣ በገዛ እጄ ባሰመርኩት ሰረዝ ነው። አልኮልና የእርሳስ ላጲስ አመጣችልኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ፈገፈግኩ። መሪጌታዬ ያስተማሩኝን ሰረዝ በላጲስ ሳጠፋ ሩት በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ታየኛለች። ሲጸዳ ሕሊና መለሰችው፣ አያ ይሻው ሁለት ጊዜ ወደ ታች ወረዱ። መብራቱ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሳይጠፋ አደረ። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር አልነበረችም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሕሊና፣ ጥላዬና እኔ አቶ ሙላቴ ቢሮ ገባን። ሕሊና የፍተሻውን ውጤት አስቀመጠች። «ሜሞሪው ላይ ቆሻሻ ነበር። ጸድቷል። ፎርማት አያስፈልግም» አለች።

«የምን ቆሻሻ ነው? ማን ነው ያቆሸሸው?»

«ፍተሻው የት እንደሆነ እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም» አለች።

ወደ እኔ አልተመለከተችም። መንገዱን ከፍታ ሰጥታኛለች፤ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጥላዬም ጣሪያውን ያያል። ለጥቂት ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ዝም አላለም። አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፣ ክቡር ዲን» አልኩ። «ስሙ ብቻ ነው የሚለወጠው። የኔ ይግባበት።»

አቶ ሙላቴ አነበቡት። «በቸልተኝነት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙና አዩኝ። ከዚያ ዝቅ ብለው የወንበራቸውን እጀታ አዩ፤ እዚያም ቀይ ቁጥር አለ። ቤተ መጻሕፍቱን ሰረዙልኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ግን ዛሬ ማኅደሬ ውስጥ አለ፣ በራሴ ቃላት።

ከሰዓት በኋላ ሕሊና ሁለት ነጭ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። አንዱ ከሰርቨሩ አጠገብ የሚለጠፍ፣ ሌላው ለሐሙሲት የሚላክ ነው። የአራቱን መስመሮች ሥራ በአማርኛ እንድጽፍላት ፈለገች። «ለአያ ይሻው በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ይቀላቸዋል» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ወረቀት ላይ ነው እንግዲህ ጋሼ» ብላ ጨመረች።

መነጽሬን አድርጌ ጻፍኩላት። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን እንደ ወጉ አሳምሬ። ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ልማዷ ከላይ እስከ ታች መረመረችው።

«የሦስተኛዋን የታች ሰረዝ ረስተዋል» አለችኝ።

«አልረሳሁም» አልኳት።